የመጨረሻው ስም

«ይኼን ማን ነው የጻፈው?» አሉኝ ፕሮፌሰሩ።

ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ፊት ለፊት ባለው ረጅም የብረት ገንዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመን፣ እጃችንን እስከ ክርን ድረስ በሳሙና እየፈተግን ነበር። የሕክምና መጽሔቱ አዲስ እትም ውሃ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ ቆሟል። ገጹን ከሩቅ አወቅሁት።

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ብሩሹን አቆሙ። «እኔ?»

«እኔና እርስዎ። የእርስዎ ስም መጨረሻ ላይ ነው።»

«ስሜ የት እንዳለ አትንገሪኝ፤ ስሜን ማንበብ አያቅተኝም። እኔ የምጠይቅሽ ከስሜ በታች ያለውን ነው።»

ከስማቸው በታች ያለው ይህ ነበር፦ የሐሞት ከረጢት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ በበሽተኛው ሆድ ውስጥ የጎማ ቱቦ መተው ጥቅም አልታየበትም፤ ሕመም ጨምሯል፤ ቁስል አመርቅዟል፤ ወደ ቤት የሚኬድበትን ቀን አዘግይቷል፤ ስለዚህ በልማድ ለሁሉም በሽተኛ መደረጉ ይቁም።

በሆስፒታላችን ያንን ቱቦ ለሁሉም በሽተኛ የሚያስገቡት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ለተማሪዎቻቸውም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ሆድ ከመዘጋቱ በፊት መስኮት ይተውለት» ይላሉ፤ እኛም ከአፋቸው ተቀብለን ለታናናሾቻችን እንላለን።

«ዛሬ ጠዋት ማን ደወለልኝ መሰለሽ?» አሉ ውሃው እየፈሰሰ። «አብሮኝ የተማረ ሰው። ‹የራሱን አሠራር ስህተት ነው ብሎ የሚጽፍ ጀግና ስንት አለ?› አለኝ። አመሰገነኝ እኮ! ምን እንደጻፍኩ ሳላውቅ አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁት።»

ልስቅ ነበር። ማስኩ አዳነኝ።

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም ነኝ፤ ትምህርቱን ልጨርስ የቀረኝ የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነበር። ለፈተናው ለመቅረብ በታወቀ መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ያስፈልጋል። በመምሪያችን ደግሞ ሌላ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ከመምሪያው የሚወጣ ማንኛውም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የኃላፊውን ስም ይይዛል። ኃላፊው ሐሳቡን ያመንጩት አያመንጩት፣ በሽተኞቹን ይዩ አይዩ፣ ያንብቡት አያንብቡት፣ ስማቸው ይገባል። እኛ ሬዚደንቶች እሳቸው በሌሉበት «ማኅተም» እንላቸዋለን። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ከበሩ አያልፍም።

ጽሑፌን ደብቄባቸው አልነበረም። የመጀመሪያውን ረቂቅ በእጄ ሰጠኋቸው፤ «አንቺን አምንሻለሁ፣ ልጄ» ብለው መልሰው ሰጡኝ። ሁለተኛውን በኢሜይል ላክሁ። ኢሜይላቸውን የምትከፍተው ጸሐፊያቸው ናት፤ ከሬዚደንት የመጣውን ሁሉ አትማ የፊርማው ገጽ ብቻ እንዲታይ አድርጋ ታቀርብላቸዋለች። እሳቸውም ይፈርማሉ። መጽሔቱ ከእያንዳንዱ ደራሲ የሚጠይቀው ቅጽ አለ፤ «ሐሳቡን ማን አመነጨ? መረጃውን ማን ሰበሰበ? የመጨረሻውን ጽሑፍ ማን አንብቦ አጸደቀ?» ይላል። የእሳቸውን ቦታ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የነበሩት እንደሞሉት አድርጌ። አመነጩ፣ ተከታተሉ፣ አነበቡ፣ አጸደቁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉት ይኼ ነው። ፕሮፌሰሩ የክብር ስማቸውን አዩ እንጂ ስማቸው የተቀመጠበትን ቦታ አላዩም።

ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ልናገር፤ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነውና።

ሆስፒታላችን ሁለት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አሉት፤ ምሥራቅና ምዕራብ። አልጋ እንዳይሻሙ ከድሮ ጀምሮ የተደረገ ስምምነት አለ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በሆነ ቀን የመጣ በሽተኛ ምሥራቅ ይተኛል፣ ቁጥሩ ሙሉ በሆነ ቀን የመጣ ምዕራብ። ማንም ሐኪም አይመርጥም፤ ቀን መቁጠሪያው ነው የሚመርጠው። ምሥራቅ የፕሮፌሰሩ ነው፤ ቱቦ ይገባል። የምዕራቡ ኃላፊ ሌላ አገር የተማሩ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ካላስፈለገ አያስገቡም። ሁለት ዓይነት ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ሰው ሳይመርጠው፣ ለዓመታት ጎን ለጎን ሲሠራ ኖሯል። የኔ ሥራ በየቀኑ ሁለቱንም ክፍል እየዞሩ ማየት፣ መጠየቅና መመዝገብ ብቻ ነበር። ትኩሳቱ ስንት ነው? ሕመሙ እንዴት ነው? ቁስሉ ደርቋል? መቼ ወጣ? ፕሮፌሰሩ ስዞር ያዩኛል፤ «የሐሞት ከረጢት ጥናት» እንደሆነም ያውቃሉ። የሳቸው ክፍል በልጦ እንደሚገኝ ግን ተጠራጥረው አያውቁም።

እጃችንን ታጥበን ጨረስን። ከመግባታችን በፊት ክርናቸውን ከፍ እንዳደረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጽሑፉ ይሳብ፤ ከመጽሔቱ እንደተሰረዘ ይታወጅ። ደብዳቤውን ዛሬ ጻፊ። ‹በመረጃው ላይ ጥርጣሬ ስላደረብን› በይ፤ ይበቃል።»

«ጥርጣሬ የለኝም፣ ፕሮፌሰር።»

«ይኑርሽ እንግዲህ። ሐኪም ሆኖ የማይጠራጠር አለ?»

«የቱ ቁጥር ነው የሚያጠራጥረው?»

«የምትፈተኚው ማን ፊት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎ ፊት።»

«እንግዲያው ጥርጣሬውን ፈልጊው» ብለው በትከሻቸው በሩን ገፍተው ገቡ።

ያን ቀን ሦስት ሰው አብሬያቸው ቀደድኩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ እጃቸው አንድም ቦታ አልሳተም። ስለ እጃቸው የምመሰክረው ፈርቼ አይደለም፤ እንደሳቸው ደም ሳያፈስ ሥጋ የሚለይ ሰው አላየሁም። ለዚህም ነው ነገሩ የከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄድኩ። ዋና አዘጋጇ የፓቶሎጂ ሐኪም የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በመጽሔቱ የቀሩ ሴት ናቸው። ሁሉም «ወንፊት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፤ አንድ ጊዜ «ወንፊት ጥሩ ነው፤ ዘንቢል ብትሉኝ ነበር የምቀየመው» ብለዋል። የገዛ ወንድማቸውን ጽሑፍ በሦስት መስመር መልስ የመለሱ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷ የመኪና ማቆሚያ ያያል፤ የማተሚያ ማሽኗ ወረቀት ስትነክስ ጎኗን በቡጢ ይመቷታል።

የሆነውን ነገርኳቸው። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሰሙኝ።

«ስለዚህ ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?» አሉኝ።

«ሊስቡት ይችላሉ ወይ?»

«እሱ? ብቻውን? አይችልም። ጽሑፍ የሚሳበው ቁጥሩ ሐሰት ሲሆን ወይም ድምዳሜውን የሚያፈርስ ስህተት ሲገኝ ነው። ደራሲው ስላፈረበት አይሳብም። በዚህ ሕግ ቢሆን እኔ የጻፍኩት ሁሉ ተስቦ ያልቅ ነበር።»

«ስማቸው ብቻ ይውጣ ቢሉስ?»

«ስም ይወጣል። ግን ለምን እንደወጣ እዚያው መጽሔት ላይ ታትሞ ነው። በጓሮ በር አስወጥተን ምንም እንዳልተፈጠረ አናደርግም።» ቀና ብለው አዩኝ። «በቅጹ ላይ አንብቦ አጽድቋል ይላል። አንብቦት ነበር?»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ዛሬ አትመልሺ» አሉ። «እኔ አንዴ ከሰማሁ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ሄደሽ አስቢ። አንድ ነገር ግን ዛሬ እንጀምራለን፤ የመረጃ ወረቀቶችሽን በሙሉ አምጪልኝ። እሱ ‹ጥርጣሬ› ካለ፣ ጥርጣሬውን እኔ እፈልገዋለሁ።»

ወረቀቶቹን በካርቶን ተሸክሜ ወሰድኩላቸው። ከአንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ሆነው የእያንዳንዱን በሽተኛ ወረቀት ከታተመው ሰንጠረዥ ጋር ሲያመሳክሩ ሰነበቱ። እኔ እየጠበቅሁ ምግብ አልወርድ አለኝ። የራሴን ሥራ አምናለሁ፤ ግን የሚያምን ሰውም ሲፈተሽ ኪሱን ይዳስሳል።

በዚያው ሰሞን ከሥራ ወደ ቤት ስገባ እናቴ ሶፋው ላይ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ ብላ ነበር።

«ራሳቸው ደወሉልኝ!» አለችኝ ገና በሩን ሳልዘጋ። «ራሳቸው እኮ ነው የምልሽ! በጸሐፊ አይደለም!»

«ማን?»

«ማን ትላለች ደግሞ! ያዳኑኝ ሰው ናቸዋ!»

እናቴን ከዓመታት በፊት ሐሞት ከረጢቷ አብጦ ሊፈነዳ ሲል የቀደዷት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስማቸው በቤታችን ሲጠራ ተቀምጣ ከሆነ ትስተካከላለች።

«ምን አሉሽ?»

«‹ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ግን ቸኩላለች፤ እንደ አባት እየመከርኳት ነው፤ እርስዎም እንደ እናት ይምከሩልኝ› አሉኝ። ምን አጥፍተሽ ነው? ሰውዬውን ምን አደረግሻቸው?»

«እኔ ምንም። ስማቸው ያለበትን ነገር አሁን አነበቡት።»

ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀምጬ አስረዳኋት። ሰማችኝ። ሰምታኝ ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ፣ በገዛ እጃቸው ሆዴ ውስጥ ገብተው ሞትን ያወጡልኝ ሰው ናቸው። አሁን አንቺ ‹ተሳስተዋል› ብለሽ በጋዜጣ ታወጪያቸዋለሽ?»

«መጽሔት ነው፣ እማዬ።»

«እሱ ይብሳል፤ ጋዜጣ በማግስቱ ይጣላል።»

«ቱቦው ትዝ ይልሻል?»

ፊቷ ተኮማተረ። «እሱንማ አታንሺብኝ። ስስቅ እንኳ ይወጋኝ ነበር። ያቺ የአልጋ ጎረቤቴ ደግሞ ቀልደኛ ነበረች፤ ‹አንቺ ሴትዮ ልትገድይኝ ነው› እላታለሁ። በኋላም ቀዳዳው መግል ይዞ…»

«መግሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ያዳኑኝ እሳቸው አይደሉም?»

«ያዳነሽ እጃቸው ነው። ቱቦው አይደለም።»

ስልኩን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተስማማች መስሎኝ ነበር፤ አልተስማማችም። «እኔ ብሆን ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር» አለች። «አንቺ ግን የአባትሽ ልጅ ነሽ፤ አንገትሽ አይታጠፍም። እምቢ ማለትሽ ካልቀረ ቆመሽ በያቸው። ለትልቅ ሰው ተቀምጦ እምቢ ማለት ነውር ነው።»

አብሮኝ የሚማር፣ የሆስፒታሉን ወሬ ሁሉ ከባለቤቱ ቀድሞ ስለሚሰማ «ዜና» የምንለው ልጅ ደግሞ በማግስቱ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

«እውነት ነው ማኅተምን ልትፍቂው ነው የሚሉት?»

«ጽሑፌን አልስብም አልኩ እንጂ ማንንም አልፋቅሁም።»

«አንቺ ልጅ፣ ‹ጥርጣሬ አለኝ› ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት ቃል! በሁለት ቃል ስፔሻሊስት ትሆኛለሽ። ቱቦውን ደግሞ በኋላ፣ የራስሽ ክፍል ሲኖርሽ ተዪው። ማን ይከለክልሻል?»

«እስከዚያ የሚገባባቸው ሰዎችስ?»

«እስከዛሬስ ሲገባ ኖሮ የለ?»

«ያኔ አናውቅም ነበር።»

«እውቀት ነው እንዲህ የሚያከሳሽ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። የታተመ አንድ ጽሑፍ አለው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ወንፊት ማመሳከሩን ሲጨርሱ ሁለታችንንም ጠሩን። ፕሮፌሰሩ ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። ሁለቱ ድሮ በአንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ ንግግራቸው የትልቅ ሰው ንግግር አልነበረም።

«ተቀመጥ» አሉ ወንፊት።

«አልቀመጥም። ምን አገኘሽ?»

«አንድ ስህተት።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን አነሡ።

«የአንድ በሽተኛ የመውጫ ቀን በአንድ ቀን ተዛብቶ ገብቷል» አሉ ወንፊት። «የሚገርመው ስህተቱ ያደላው ለአንተ ክፍል ነው። ድምዳሜውን አይነካም። ቢሆንም አትመዋለሁ።»

«ይኼ ነው ያገኘሽው?»

«ሌላ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ ይቺን ልጅ እንዲህ አመንምኜ ባዶ እጄን መቅረቴ ይቆጨኛል። ግን የለም። ሥራው ንጹሕ ነው።»

«በድምዳሜው አልስማማም።»

«መብትህ ነው። ተቃውሞህን ጻፍልኝ፤ በሚቀጥለው እትም ከነስምህ አወጣዋለሁ።»

«የራሴን ጽሑፍ ራሴ ልቃወም? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ቆይ፣ ያንተ ጽሑፍ ነው እንዴ? ካንተ ከሆነ፣ ከመታተሙ በፊት አንብበኸው ነበር?»

«የመምሪያው ኃላፊ ነኝ። ሁሉንም ቃል በቃል ላነብ አልችልም።»

«ይኼ መልስ አይደለም። አንብበኸው ነበር?»

«ፊርማዬ አለ አይደል?»

«ፊርማህማ አለ። እኮ! አንብበህ ተስማምተህ ፈርመህ ከሆነ፣ ዛሬ ምን አስቆጣህ? ሳታነብ ፈርመህ ከሆነም፣ ያንን አትማለሁ። አንዱን ምረጥ እንጂ ሁለቱንም አልከለከልኩህም።»

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «እሷ ትናገር! የመጀመሪያዋ ደራሲ እሷ ናት። ስህተት አለ ካለች አለ ማለት ነው!» ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ የምልሽን ስሚ። ፈተናሽ ቀርቧል። ከፈተናው በኋላ ደግሞ እኔ ዘንድ ቦታ አለሽ፤ ለማንም ያልሰጠሁት ቦታ። አንድ ቃል ነው። ስህተት አለ በይ።»

ወንበሩ ላይ ጫፍ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። ተነሣሁ።

«ስህተት አለ» አልኩ።

ፕሮፌሰሩ ተነፈሱ። ወንፊት እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ።

«ስህተቱ ሰንጠረዡ ላይ አይደለም። ስሞቹ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ ሐሳቡን አመንጭተዋል፣ ጽሑፉን አንብበው አጽድቀዋል ብዬ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። አላመነጩም፤ አላነበቡም። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ የሞላሁት ሁሉም እንደዚያ ስለሚሞላ ነው። ጽሑፉ የኔ ነው። ጥፋት ቢኖርበት የኔ ይሁን፤ ልክ ከሆነም የኔ ነው። አልስበውም።»

ማተሚያዋ ማሽን ብቻዋን አንድ ጊዜ አጓራችና ጸጥ አለች።

«ለሕክምና ኮሌጁ ማሳወቅ አለብኝ» አሉ ወንፊት። «የሐሰት ቃል በቅጹ ላይ የሰጠሽው አንቺ ነሽ። የሚቀጡት አንቺንም ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ያሳውቁ።»

«የማይረባ ነገር!» ጮኹ ፕሮፌሰሩ። «ይኼን የማያደርግ ማን አለ? እኔ ወጣት ሆኜ የአለቃዬን ስም አልጨመርኩም? በዚህ ግቢ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ያልተጫነበት ጽሑፍ ካለ አንድ አሳዩኝ!»

«እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» አሉ ወንፊት ረጋ ብለው። «በሙሉ ልቤ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አወጣልሃለሁ።»

በሩን ሲዘጉት መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ወንፊት ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፉልኝ። «በይ ጻፊ» አሉ። «አጭር ይሁን። ቅጽል አልወድም።»

እርማቱ በተከታዩ እትም ወጣ። በመጨረሻ ደራሲነት የተጠቀሱት ሐኪም በጥናቱ እንዳልተሳተፉ፣ ስማቸው በመምሪያው ልማድ እንደገባ፣ የመጀመሪያዋ ደራሲ የሰጠችው ማረጋገጫ ሐሰት እንደነበረ፣ የአንድ በሽተኛ የመውጫ ቀን እንደተስተካከለ፣ ቁጥሮቹ በሙሉ ተመሳክረው ድምዳሜው እንደጸና ይናገራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፍ ወለምታ ግን እንዲህ በአደባባይ ሲታሽ ያማል እንጂ ይድናል።

ኮሌጁ ፈተናዬን ለተከታዩ ዓመት አስተላለፈው። የቅጣት ደብዳቤው ሲደርሰኝ ዜና አንብቦልኝ «የገዛ እግርሽን ቆርጠሽ ሩጫ አሸነፍሽ» አለኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔን ጽሑፍ ግን እንዳትነኪው፣ በናትሽ።»

«ያንተን አንተ ንካው» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንት ያህል አላዋራኝም።

እናቴ መጽሔቱን አምጪ አለችኝ። እርማቱን ሁለት ጊዜ አነበበችውና «እዚህ ላይ ‹ሐሰት› የተባልሽው አንቺ ነሽ?» አለች። ነኝ አልኳት። «ይኼን በራስሽ ላይ ከጻፍሽ፣ ያኛውም እውነት ይሆናል» ብላ መጽሔቱን አጠፈችው። ለፕሮፌሰሩ ያላት ክብር ግን አንድ ስንዝር አልቀነሰም። እንድትቀንስም አልጠየቅኋትም።

ምሥራቅ ክፍል ከመሥራት የከለከለኝ አልነበረም። የቀዶ ሕክምናው ተራ ሲወጣ ስሜ ከፕሮፌሰሩ ጋር ገጠመ። ብዙዎች እንደሚያስቀይሩኝ ጠብቀው ነበር፤ አላስቀየሩኝም። እኔም አላስቀየርኩም። በሽተኛው ሐሞት ከረጢቱ የሚወጣለት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከመደንዘዙ በፊት «ቶሎ ልቀቁኝ፤ መኪናዋ ያለ እኔ አትነሣም» እያለ ያስቀን ነበር።

ፕሮፌሰሩ እንደ ወትሮው አሳምረው ሠሩ። ደም የለም፣ የተቀደደ ነገር የለም። ሆዱ ሊዘጋ ሲል መዳፋቸውን ዘረጉ። ነርሷ ቱቦውን አቀበለቻቸው። ሳይቀበሏት ወደ እኔ አዩ።

«እስቲ ደራሲዋ ትናገር» አሉ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ። «ይግባ ወይስ አይግባ?»

ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ አንገቱን ወደ ማሽኑ ቀበረ።

«አያስፈልግም» አልኩ። «ሆዱ ንጹሕ ነው።»

«እኔ ደግሞ ያስፈልጋል እላለሁ። የሚቀደደው በማን ስም ነው?»

«በእርስዎ።»

«እንግዲያው ይገባል» ብለው አስገቡት።

የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ የሚጽፈው ረዳቱ ነው፤ ያን ቀን እኔ ነበርኩ፤ ከዋናው ሐኪም ጋር ሁለታችንም እንፈርማለን። ጓንቴን አውልቄ ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ ሊፈርሙ መጡ። እስክሪብቶውን እንደ ልማዳቸው በቀጥታ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወሰዱት፤ ከዚያ አቆሙትና ወደ ላይ ተመለሱ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው አነበቡ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«‹ቱቦው በዋናው ሐኪም ውሳኔ ገብቷል፤ ረዳቷ እንደማያስፈልግ አሳውቃለች።› ይኼ ምንድን ነው?»

«የሆነው ነው።»

«ይኼ ይሰረዛል።»

«ከተሰረዘ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ ሌላ ሰውም ይፈርምበት። እኔ የምፈርመው ይኼን ነው።»

ነርሷ የደም ጨርቆቹን መሰብሰቧን አቆመች። ፕሮፌሰሩ የሚጮኹ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ጎንበስ አሉና ከኔ መስመር ሥር ጨመሩበት። ወረቀቱን የቀደዱት እስኪመስለኝ ድረስ ተጭነው ነበር የሚጽፉት። ጨርሰው ፈረሙና ወደ እኔ ወረወሩት።

«ረዳቷ ተሳስታለች። ቱቦው ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ይታያል» ይላል።

እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

«ጥሩ» አልኳቸው። «በሦስተኛው ቀን ቁስሉን አብረን እናየዋለን።»

«እናየዋለን!» አሉ።

«ያየነውንም እንጽፈዋለን።»

ፕሮፌሰሩ ማስካቸውን አውልቀው ወጡ፤ እኔም ቀጣዩን በሽተኛ እንዲያስገቡት ለነርሷ ነገርኳት።